ሥልጠና ጨርሶ ለመጣ መምህር ምን ይሰጠው?

ውድ ወጣት ርዕሳነ መምህራን፣

«ሥልጠና ለሚጨርሱ መምህራን ምን እንሸልም?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ደስ ብሎኛል። ብዙ ዓመት በዚህ ሙያ ስቆይ ይህን ከልቡ የሚጠይቅ ኃላፊ ብዙ አላጋጠመኝም።

በመጀመሪያ የሚገባውን ስጡት። መምህር ብዙ ጊዜ የሚሠለጥነው ከዕረፍቱና ከልጆቹ ጊዜ ቀንሶ ነው። የትራንስፖርትና የአበል ወጪውን መሸፈን እንደ ሽልማት አይቆጠር። ሥልጠናው ለደረጃ ዕድገት የሚያዝለት ከሆነ ማኅደሩ ውስጥ ቶሎ ይግባለት። ሰርተፊኬቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው ለቀጣዩ ሥልጠና ባይመዘገብ አይፈረድበትም።

ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። «ከሣላችሁ ሰርተፊኬት ታገኛላችሁ» የተባሉት ልጆች በኋላ በነፃ ጊዜያቸው መሣሉን ቀነሱ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው እንዳለ ነበር። መምህር ሕፃን አይደለምና ጥናቱ እንዳለ አይገለበጥም። እኔ ግን ተመሳሳይ ነገር በመምህራን ላይም አይቻለሁ። የተቀመጡበት ሰዓት ብቻ ሲሸለም፣ ተግቶ የተማረውም ስልኩን ሲነካካ የዋለውም እኩል ይጨበጨብላቸዋል። ያን ጊዜ የሚከፋው ትጉሁ ነው።

ስለዚህ ክፍል ግቡና እዩ። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኘች። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎች መልስ ረዘመ፤ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ይህን የተማረች መምህርት አለች እንበል። ትጠይቃለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ለመምህር በጣም ይረዝማል፤ ራሷ መልሳ ለመገላገል ምላሷን ይበላታል። ግን ትታገሣለች። ከክፍለ ጊዜው በኋላ እንዲህ በሏት፦ «ከጥያቄው በኋላ ሲታገሡ አየሁ። ከኋላ የምትቀመጠው፣ ያቺ ትንፍሽ የማትለው ልጅ፣ ዛሬ እጇን አወጣች።» ይህን የሰማች መምህርት ልፋቷ እንደታየላት ታውቃለች። «በርቱ» ብቻ ብሎ ማለፍ ይህን አያደርግም።

ቀጥሎ ዕድል ስጧት። ሲንጋፖር ውስጥ መምህር ቢሮ ሳይገባ፣ እያስተማረ የሚያድግበት የራሱ መስመር አለው። እናንተ ያን መዘርጋት አትችሉም፤ ሥልጣኑ የላችሁም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቀንሳችሁላት ባልደረቦቿን እንድታሳይ ማድረግ ግን በእጃችሁ ነው። ያለ ጊዜ ተጨማሪ ኃላፊነት ብቻ ከጫናችሁባት ሽልማቱ ቅጣት ይሆናል። እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ።

አሁኑኑ ለመጀመር፣ በቅርቡ ሥልጠና የጨረሱትን ስም አውጡና የአንዳቸውን ክፍለ ጊዜ ፕሮግራማችሁ ላይ ያዙት። የምትገቡት ለቁጥጥር እንዳይመስለው ቀድማችሁ ንገሩት፤ የትኛውን ነገር እንድታዩለት እንደሚፈልግም ጠይቁት።