ፎሎወር ቆጥሮ አሸናፊ መገመት ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ አምድ አዘጋጅ። እኔና አንድ የስራ ባልደረባዬ መጨቃጨቅ ከጀመርን ሁለት ሳምንት አለፈን። ምርጫ እየደረሰ ስለሆነ እሱ የፓርቲዎቹን የፌስቡክ፣ የቲክቶክ፣ የቴሌግራምና የኤክስ ተከታይ ለቃቅሞ ኤክሴል ላይ ደምሮ አንደኛ የወጣው ያሸንፋል ብሎ ድርቅ አለ። እኔ የምደግፈው ፓርቲ አራተኛ ስለወጣ ይሁን ነገሩ እውነት ስላልመሰለኝ እንጃ ብቻ አልተዋጠልኝም፣ ግን ለምን እንዳልተዋጠልኝ ማስረዳት አቃተኝ። "ላይክ ያደረገው እኮ ህዝቡ ነው፣ ህዝብ ካልሆነ ማን ነው ታዲያ?" ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?
ሰንጠረዡ ያልጣማት

መልስ፦ ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ለባልደረባሽ አንድ ነገር ልመስክርለት፣ ቁጭ ብሎ የአራት መድረክ ቁጥር መልቀም ቀላል ስራ አይደለም። ብዙ ሰው እኮ "እነሱ ኦንላይን ላይ በልጠዋል" የሚለው ፊዱ ላይ ያያቸውን ሶስት ፖስቶች ይዞ ነው። የሱ ጉድ ያለው "ድምር" የሚለው ረድፍ ላይ ነው።

ምን መሰለሽ፣ አንድን ፓርቲ ከልቡ የሚወድ ሰው ፌስቡክም ላይ ቴሌግራምም ላይ ቲክቶክም ላይ ኤክስም ላይ ይከተለዋል። ሰውየው አንድ ነው፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን አራት ሆኖ ቁጭ አለ። እንበልና አንዱ ፓርቲ 100 ሺህ ቀንደኛ ደጋፊ አለው፣ ሁሉም አራቱም ቦታ ይከተሉታል፣ 400 ሺህ ሆነ። ሌላው 300 ሺህ ደጋፊ አለው፣ እያንዳንዱ ግን የሚከተለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ 300 ሺህ። በባልደረባሽ ሂሳብ የመጀመሪያው አሸነፈ፣ ምርጫ ጣቢያ ላይ ግን ሶስት እጥፍ ተበልጦ አረፈው።

"ህዝብ ካልሆነ ማን ነው" ላለው፣ ህዝብማ ነው፣ የትኛው ህዝብ እንደሆነ ነው የማይታወቀው። ፌስቡክ ከ13 ዓመት ጀምሮ ያስገባል፣ አብዛኛው አገር ላይ ለመምረጥ ግን 18 መሙላት ያስፈልጋል። ሌላ አገር ቁጭ ብሎ የሚከተል አለ፣ ስራው ስለሆነ ሁሉንም የሚከተል ጋዜጠኛ አለ፣ ዛሬ ደሞ ምን አሉ ብሎ ለመተቸት የሚከተል ተቃዋሚ አለ። ከዛ ደሞ የድሮው ሰው አለ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቪዲዮ ደስ ብሎት ላይክ ያደረገ ሰው ዛሬ ሀሳቡን ቢቀይር ተመልሶ ገብቶ አንላይክ አያደርግም፣ ማን ጊዜ አለው፣ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ያ ቁጥር ፔጁ ከተከፈተ ጀምሮ የተጠራቀመ ነገር እንጂ ዛሬ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አያሳይሽም፣ ቀድሞ የከፈተ ይበልጣል፣ ስልጣን ላይ ያለም በየቀኑ ዜና ስለሚሆን ይበልጣል።

አሁን የምነግርሽን ግን ቃል በቃል ንገሪልኝ (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ2009 ጀርመን ውስጥ ሴፕቴምበር 27 ምርጫ ነበር። ተመራማሪዎች ከምርጫው በፊት በነበሩት ሳምንታት ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ትዊት (ዛሬ ኤክስ የሚባለው ያኔ ትዊተር ነበር ስሙ፣ እዛ ላይ የሚለጠፍ አጭር ጽሁፍ ነው) ሰብስበው የፓርቲዎቹ ስም ስንት ስንት ጊዜ እንደተነሳ ቆጠሩ፣ ከዛ ከውጤቱ ጋር ሲያስተያዩት በጣም ተቀራረበ። በ2010 ጥናቱ ሲወጣ በቃ ትዊተር ካለ የህዝብ አስተያየት መጠይቅ ምን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች መጡና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ለመሆኑ የትኞቹን ፓርቲዎች ነው የቆጠራችሁት? የተቆጠሩት ለካ ፓርላማ ውስጥ የነበሩት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ፓይሬት ፓርቲ የሚባል፣ የኢንተርኔት ነጻነት ጉዳይ ላይ የሚሰራ፣ ውሎ አዳሩ ኦንላይን የሆነ አዲስ ፓርቲ ነበር፣ እሱ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም። እሱን ጨምረው ሲቆጥሩ ከሁሉም በልጦ አንደኛ ወጣ! እውነተኛው ምርጫ ላይ ያገኘው ግን 2 በመቶ ነው፣ አንድም ወንበር አልደረሰውም። በትዊት ቢሆን ኖሮ ያኔ አገሪቱን የምትመራው ሜርክል ቦርሳዋን ይዛ ቤቷ ገብታ ነበር። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እስቃለሁ፣ ግን ቁም ነገር አለው። ባልደረባሽም ስንት ፓርቲ እንዳስገባና ስንቱን "ይሄ ትንሽ ነው" ብሎ እንደተወ ጠይቂው፣ ሰንጠረዥ የሚዋሸው ብዙ ጊዜ በተተወው ነው።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ተከታይ ይቅርና የተቆጠረ ድምጽ ራሱ ሰው ይሸውዳል። እንግሊዝ በ2015 ዩኪፕ የሚባለው ፓርቲ 3.9 ሚሊዮን ሰው መርጦት ያገኘው 1 ወንበር ነው። የስኮትላንዱ ብሔራዊ ፓርቲ በ1.5 ሚሊዮን ድምጽ 56 ወንበር ወሰደ፣ ምክንያቱም ያንኛው መራጩ አገር ምድሩ ላይ ተበትኗል የዚህኛው አንድ አካባቢ ተሰብስቧል፣ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ ነው የሚገባው። ፎሎወር ደሞ ከየትኛው የምርጫ ክልል እንደሆነ ፔጁ ላይ አይጻፍም። በ2019ም እዛው እንግሊዝ ሌበር የሚባለው ፓርቲ ፌስቡክ ላይ ከወግ አጥባቂዎቹ የበለጠ ላይክ ነበረው፣ መሪው ኮርቢንም ትዊተር ላይ ከወግ አጥባቂዎቹ መሪ ከቦሪስ ጆንሰን ይበልጥ ነበር፣ ውጤቱ ግን 365 ወንበር ለ 202፣ ለወግ አጥባቂዎቹ።

ታዲያ ቁጥሩ ምንም አይረባም ማለቴ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የደከመውን ልጅ ድካሙን ከንቱ አላደርግበትም፣ ረድፎቹን ይቀይር ነው የምለው። ድምሩን አጥፍቶ በሱ ቦታ ባለፉት ሁለት ወራት በየሳምንቱ ስንት እንደጨመረ ይጻፍ፣ የቆመ 500 ሺህና እየሮጠ ያለ 60 ሺህ አንድ አይደሉም። ቴሌግራም ላይ ደሞ ስራው ቀላል ነው፣ ቻናሉ ላይ እያንዳንዱ ፖስት ስር ያቺ የአይን ምልክት ያለባት ቁጥር ስንት ሰው እንዳየው ትነግርሻለች። 200 ሺህ አባል ያለው ቻናል ፖስቱን በማግስቱ 6 ሺህ ሰው ብቻ ካየው ሌላው የት ገባ? ቲክቶክ ላይ ያለውን የፎሎወር ቁጥር ብዙም አልሰማውም፣ እዛ ቪዲዮው የሚደርሰው ለሚከተልሽ ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ ላላወቀሽ ሰው ነው የሚወረወረው፣ የየቪዲዮውን ቪው ነው ማየት።

የኔ ተወዳጅ ዘዴ ግን ኮመንት ነው። አንድ ብዙ ኮመንት ያለበት ፖስት ትከፍቻለሽ፣ ቁጥሩን ትተይና ስሞቹን ታነቢያለሽ። ያው አንድ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ይመላለሳል፣ ሁለት ሰዎች ስለ ሌላ ጉዳይ እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ሰላሳ ኮመንት ይሞላሉ፣ "በርቱ" የሚል አንድ አይነት ጽሁፍ በተለያየ ስም ተደርድሮ ታገኛለሽ። ከዛ ውስጥ ስለ ትምህርት ወይ ስለ ኑሮ ውድነት የምር ጥያቄ የጠየቀ የተለያየ ሰው ስንት ነው ብለሽ ስትቆጥሪ አንዳንዴ በእጅ ጣት ያልቃል፣ አንዳንዴ ደሞ አንድ ትንሽ ፔጅ ላይ ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ ትያለሽ።

የሚከተል ሰው መራጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ፣ ይሄን ካልነገርኩሽ ባልደረባሽን በደልኩት። እዛው ጀርመን ዲ ሊንከ የሚባለው የግራ ፓርቲ በ2024 መጨረሻ 5 በመቶ የምትለዋን የፓርላማ መግቢያ አያልፍም ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበት ነበር። ጃንዋሪ 2025 ላይ ሃይዲ ራይሺኔክ የምትባለው ፖለቲከኛቸው ፓርላማ ውስጥ ያደረገችው ንግግር ሚሊዮኖች ጋር ደረሰ፣ ፌብሩዋሪ ላይ 8.8 በመቶ አገኙ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉት መራጮች ጋር ደሞ አንደኛ ወጡ። ግን ልብ በይ፣ በዛ ሰሞን ፎሎወር ብቻ አይደለም የጨመረላቸው፣ ሰዉ ፎርም ሞልቶ የፓርቲ አባል እየሆነ ነበር፣ ቤት ለቤት እየዞረ በር የሚያንኳኳም ነበራቸው። ላይኩ እግር ሲያወጣ ነው እንግዲህ የሚፈራው።

ጥያቄ፦ አንድ ፓርቲ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፎሎወሩ እጥፍ ሆነ። ተገዝቶ ነው የሚል አለ፣ ሰው ተነቃቅቶ ነው የሚል አለ። በምን ይታወቃል?
ተጠራጣሪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከውጭ ሆኖ መቶ በመቶ ማወቅ አይቻልም፣ ሽታው ግን ይሸታል። የምር ሰው ሲመጣ ከኋላው ምክንያት አለ፣ ክርክር ነበር፣ የታወቀ ሰው ፓርቲውን ተቀላቀለ፣ የሆነ ቪዲዮ ዞረ። ቪዲዮ የለ ዜና የለ ቁጥሩ ብቻ ተተኩሶ ከወጣና ላይኩና ኮመንቱ ግን ባለበት ከቆመ እኔ አላምነውም። በ2012 አሜሪካ ውስጥ ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደር የነበረው ሚት ሮምኒ ትዊተር ላይ በአንድ ቀን ከ100 ሺህ በላይ ተከታይ ሲጨመርለት ያኔም ይሄው ጥያቄ ተነስቶ ነበር፣ የዘመቻው ሰዎች እኛ አልገዛንም አሉ፣ እውነትም ሊሆን ይችላል ምክንያቱም ሌላ ሰው ሊያሳጣህ ብሎ ሊገዛልህ ይችላል፣ ይሄ ስራ እንደዛ ነው። ትዊተር ራሱ በ2018 አጠራጣሪ ሆነው የተቆለፉ አካውንቶችን ከተከታይ ቁጥር ላይ ሲቀንስ የገዛ ራሱ አካውንት ላይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጎደለበት፣ ባለቤቱ ይሄን ያህል ውሸት ተሸክሞ ከነበረ ሌላው ምን ይሁን።

ፌስቡክ ላይ ከሆነ ግን አንድ ነገር አድርግ፣ ፔጁ ውስጥ ገብተህ የፔጅ ግልጸኝነት የሚለውን ክፈት። ፔጁ መቼ እንደተፈጠረ፣ ድሮ ስሙ ማን እንደነበር፣ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከየት አገር እንደሆኑ እዛ ተጽፎ ታያለህ። የቀልድ ወይ የኳስ ፔጅ ሆኖ 90 ሺህ ሰው ሰብስቦ ከዛ ስሙን ቀይሮ የፓርቲ ደጋፊ ፔጅ ቢሆን እዛ ላይ ይጋለጣል። ሰዎቹ የተከተሉት ግብ ሊያዩ ነው፣ አሁን ማኒፌስቶ ይለጠፍላቸዋል።

ፎሎወር ሳይሆን ቪው የሚገፋበትም መንገድ አለ፣ ይሄ ደሞ ይብሳል። ሮማንያ በኖቬምበር 2024 ካሊን ጆርጄስኩ የተባለ፣ መጠይቆች ላይ ያን ያህል ያልታየ ሰው የመጀመሪያውን ዙር ወደ 23 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፣ ለዘመቻ ያወጣሁት ገንዘብ ዜሮ ነው ብሎ አስመዝግቦ ነበር። በኋላ ይፋ የተደረገው የአገሪቱ የደህንነት ሰነድ 25 ሺህ አካባቢ የቲክቶክ አካውንቶች ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተነስተው ሲያራግቡት ነበር አለ፣ ህገ መንግስት ፍርድ ቤቱም ዲሴምበር 6 ምርጫውን ሰረዘው። የሚገርመው እንግዲህ አካውንቶቹ ድምጽ አልሰጡም፣ የሰጡት የምር ሰዎች ናቸው። የውሸት ቁጥር የእውነት ሰው ፊት ሲቀመጥ "ሁሉም እዛ ነው" ያስብላል፣ ለዚህም ነው ገዢ የማያጣው።

ጥያቄ፦ አንድ የማልወደው ፓርቲ አለ፣ በየቀኑ ፖስቱ ስር ገብቼ እሰድበዋለሁ። ጓደኛዬ እየጠቀምካቸው ነው ይለኛል፣ እውነት ነው?
ስድብ የማይደክመው

መልስ፦ እውነቱን ነው። ሲስተሙ ኮመንትህን የሚያየው እንደ ኮመንት ነው፣ ሰው ይሄ ፖስት ላይ ቆየ፣ ጻፈ፣ መልስ ተመለሰለት፣ ስለዚህ ለሌላም ሰው ላሳየው ይላል። ተከትለሃቸውም ከሆነ እላይ በተጠየቀው ሰንጠረዥ ውስጥ አንተም ደጋፊ ሆነህ ተደምረሃል።