መልስ፦ ደሴ ላይ ሂፕ ሆፕ ለምትሠሩት

ወንድሜ፣ «ሦስት ሆነን ደሴ ላይ በራሳችን ሂፕ ሆፕ እንሠራለን፤ የወሎ ቃና ይኑረው ስንል ይበላሽብናል፤ አዲስ አበባ ብንገባ ይሻላል?» ብለሃል። ለመቅዳት ብላችሁ አትሂዱ። እኛ ኮምቦልቻ በተከራየናት ክፍል ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለን ቀድተናል፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ወጥቷል።

የሚበላሽባችሁ ቅኝቱ ላይ ይመስለኛል። የወሎው ቅኝት አምባሰል አምስት ድምፅ ነው፤ ከዶ ከተነሣችሁ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። ቤዙ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ከእነዚህ ከወጣ አምባሰልነቱ ይጠፋል። አውቶ-ቲዩን (የዘፋኙን ድምፅ ወደ ኖታው የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ከሆነም በእጃችሁ እነዚህን አምስቱን ብቻ ምረጡለት፤ አለበለዚያ ሬ ቤሞሏን ወደ ላይ ሊስባትና ያ አንጀት የሚበላው ነገር ሊሄድ ይችላል። እኛ ይህን እስክናውቅ ስንት ሌሊት አባከንን!

ማሲንቆውን ከድሮ ካሴት ቆርጣችሁ አትውሰዱ፣ የሰው ላብ ነው። ተጫዋች ጠርታችሁ፣ ከፍላችሁ ቅዱ።

ደግሞ መንዙማ ስሙ። ሃይማኖታዊ ነውና ግጥሙን አትንኩ፤ ግን አውጪው ሲል ተቀባዩ በድቤና በጭብጨባ እንዴት እንደሚመልስ አስተውሉ። አዝማች አሠራር ከዚያ በላይ የሚያስተምር አላገኘሁም።

የመጀመሪያዋን ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።