የሴቶች ጉዞ ወደ ኮሞ ሐይቅና ቺንኩዌ ቴሬ፦ ጥያቄና መልስ

እህቶች፣ ለሰኔው የጣሊያን ጉዞ የተመዘገባችሁም ገና እያሰባችሁ ያላችሁም ጥያቄያችሁን እዚሁ ጻፉልኝ። ዕቅዱ ያው ነው፦ 4 ሌሊት ቫሬና፣ ኮሞ ሐይቅ ላይ፣ ከዛ 4 ሌሊት ሌቫንቶ፣ ሊጉሪያ ባህር ዳር፣ ቺንኩዌ ቴሬ ከሚባሉት አምስት መንደሮች አጠገብ። የሆቴል ዋጋ አትጠይቁኝ፣ በየጊዜው ይቀያየራል።

ከቨርጂኒያ፦ ግሪን ካርድ አለኝ ግን ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ ቪዛ ያስፈልገኛል እንዴ?

መልስ፦ አዎ ያስፈልግሻል። ግሪን ካርድ ሸንገን የሚባሉት የአውሮፓ አገሮች ውስጥ አያስገባም። ያለ ቪዛ የሚገቡት የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙት ናቸው። የምናድረው ጣሊያን ስለሆነ የምታመለክቺው ለጣሊያን ነው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ከአዲስ አበባ፦ እኛስ በ15 ቀን ይደርስልናል አይደል?

መልስ፦ በዛ አትተማመኑ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ፓስፖርት መደበኛውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ የምን መጠበቅ ነው፣ አሁኑኑ ጀምሩ።

ከዳላስ፦ ለምን ቤላጆ ወይ ኮሞ ከተማ አናድርም? ፎቶው ሁሉ እዛ ነው እኮ

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይሄን በደንብ ልመልሰው። ሐይቁ ከሰሜን አንድ ሆኖ ይወርድና መሀል ላይ ለሁለት ይከፈላል። መክፈያው ጫፍ ላይ ያለችው ቤላጆ ናት፣ በምሥራቅ በኩል ማዶ ቫሬና፣ በምዕራብ ሜናጆ። ኮሞ ከተማ ግን የደቡብ ምዕራቡ ክንፍ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዛ በዝግታዋ ጀልባ ቤላጆ ለመድረስ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዉ ከሚላን ኮሞ ይሄድና ግማሽ ቀኑን ሰልፍና ጀልባ ላይ ጨርሶ ቤላጆ ሲደርስ መመለሻው ይደርስበታል። ቫሬና ግን ከሚላን ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ከቼንትራሌ፣ ወደ ቲራኖ በሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፣ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ሐይቁ በዛ በኩል ነው። ከቫሬና ቤላጆ ደግሞ በፌሪ ሩብ ሰዓት።

ጀልባዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ባቴሎ የሚሉት በየመንደሩ እየቆመ የሚሄድ ነው፣ ላዩ ክፍት ነው፣ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። ፈጣኑ ዝግ ነው፣ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ በመስኮት ነው የምታዩት። ሦስተኛው መኪና የሚጭነው ፌሪ ነው፣ መሀል ሐይቁ ላይ ብቻ ይመላለሳል።

ነፋሱንም እወቁ። ጠዋት ከተራራው ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ ቲቫኖ ይሉታል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሬቱ ሲሞቅ አየሩን ከደቡብ ይስበዋል፣ እሱ ብሬቫ ነው። ብሬቫ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ረጅሙን የጀልባ ጉዞ በጠዋት አድርጉት፣ ከሰዓት በኋላ እዛው ቫሬና፣ ቪላ ሞናስቴሮ የአትክልት ቦታ ውስጥ ተንሸራሸሩ።

ሁለት ነገር ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፦ የወረቀት የባቡር ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ያለው ማሽን ላይ አስመቱት፣ ካላስመታችሁ ቅጣት ነው። የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ደግሞ ጠዋት ስትወጡ ወደቡ ላይ ከተለጠፈው ፎቶ አንሱ።

ከቶሮንቶ፦ ኮሞ ከተማ ማደር አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ያለውን አንብቢው።

ከሲያትል፦ ምን ምን ልያዝ?

መልስ፦ ለምኑ? ልብስ ከሆነ ለአየሩ የሚሆን፣ ጫማ ከሆነ ተረከዝ የሌለው፣ መንገዱ ሁሉ ድንጋይና ደረጃ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ትከሻ የሚሸፍን፣ ነጠላ ይበቃል። ትልቅ ሻንጣ አታምጡ፣ ቫሬና ከጣቢያው ቁልቁለት ነው፣ ማንም አይሸከምላችሁም።

ከዳላስ፦ 8 ሌሊት ለሁለት ቦታ በዛ፣ ቬኒስና ፍሎረንስ እንጨምርበት፣ ያን ያህል ከፍለን መጥተን

ከሚኒያፖሊስ፦ እኔም እስማማለሁ፣ ሮምንም ሳላይ ልመለስ?

ከቨርጂኒያ፦ ኧረ ተዉ፣ ባለፈው ከሌላ ቡድን ጋር 6 ከተማ ዞረን ከአውቶቡስ በቀር የማስታውሰው የለም

መልስ፦ አይጨመርም። ሰውነታችሁ አንድ ቀን ካላረፈ ሐይቁን አታዩትም። ቬኒስ የሚያምራት ከጉዞው በኋላ ለብቻዋ ትቆይ፣ ለቀን ጎብኚ በተወሰኑ ቀናት የመግቢያ ክፍያ እንዳለ ግን ትወቅ።

ከአዲስ አበባ፦ ሰኔ ላይ ጾመ ሐዋርያት ነው፣ የጾም ምግብ ይገኛል?

ከሚኒያፖሊስ፦ የሰኔ ጾም የቄስ ነው ይባል የለ እንዴ

ከአዲስ አበባ፦ ማን አለሽ? ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው፣ ለሁሉም ነው

ከሚኒያፖሊስ፦ እናቴ ጾማው አታውቅም፣ እኔ ያደግኩበትን ነው የማወራው

መልስ፦ እህቶች፣ ይሄን ለንስሐ አባቶቻችሁ አቆዩት። ምግቡን ልንገራችሁ። ሊጉሪያ ፔስቶ የተወለደበት አገር ነው፣ አረንጓዴ ስለሆነ የጾም እንዳይመስላችሁ፣ አይብ አለው። የምትበሉት ፋሪናታ ነው፦ የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው፣ በሰፊ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር፣ ትኩሱን ብሉት። ፓስታ በቲማቲምም የትም አለ፣ ላዩ ላይ አይብ እንዳይነሰነስ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከሲያትል፦ እንጀራስ?

መልስ፦ ሚላን፣ ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር።

ከሜሪላንድ፦ እናቴን ይዤ ልመጣ ነው፣ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ይከብዳት ይሆን?

መልስ፦ ይምጡ እንጂ! ጀልባው ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ከእኛ አያንስም። ሌቫንቶን የመረጥኩት ሜዳ ስለሆነ ጭምር ነው፣ ከዛ በባቡር አምስቱን መንደሮች እንደርሳለን፦ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላ፣ ሪዮማጆሬ። እሳቸው የሚተዉት የኮርኒሊያን ደረጃ ነው፣ መንደሯ ገደል ላይ ናት፣ ከጣቢያው እስከ ላይ ከ370 በላይ ደረጃ አለው። ሚኒባስ አለ፣ ሞልቶ ካለፋቸው ግን ፀሐይ ላይ አያቁሟቸው፣ ሞንቴሮሶ አሸዋው ላይ ይጠብቁን። እዛ የባህር ዳር አሸዋ ያለው ሞንቴሮሶ ነው።

ከቶሮንቶ፦ መንደሮቹን በእግር ማያያዝ ይቻላል? ተራራው ላይ ያለው እርከን ምንድነው?

መልስ፦ ይቻላል፣ መንገዶቹ ክፍት መሆናቸውን ግን በዕለቱ ጠይቁ። እርከኑ የወይን ማሳ ነው፣ ግንቡ ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ብቻ የተካበ ነው፣ ኮንሶን ያየች ወዲያው ይገባታል። ገበሬው እየተወው ሲሄድ ግንቡ ይፈርሳል፣ ውሃው አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ሞልቷቸው ሰው ሞቷል። በሪዮማጆሬና በማናሮላ መሀል ያለው መንገድም በ2012 ድንጋይ ተንዶበት ተዘግቶ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው። ስለዚህ ካቡ ላይ እየወጣችሁ ፎቶ አትነሱ፣ አንዲት ድንጋይ እንኳን አታንቀሳቅሱ፣ የሰዎቹ ሕይወት በዛ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ኮንሶም እርከኑ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ይመስለኛል

መልስ፦ ልክ ነሽ። ቺንኩዌ ቴሬ በ1997 ነው።

ከዳላስ፦ ሐይቁ ላይ መዋኘት ይቻላል?

መልስ፦ ሊዶ በሚባለው ለዋና በተዘጋጀው ቦታ ብቻ። ኮሞ ጥልቀቱ ከ400 ሜትር በላይ ነው፣ ከዳር ጥቂት እንደገባሽ ይጠልቃል፣ ውሃውም በሰኔ ገና ቀዝቃዛ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ ባለቤቴ መምጣት ይችላል?

መልስ፦ አይችልም፣ የሴቶች ጉዞ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት ነው?

መልስ፦ ፎቶ አንሱ ያልኩት ለዚህ ነው! እንደ ወቅቱና እንደ መንደሩ ይለያያል። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ ልብ በሉ፣ እዛ የሚጻፈው በ24 ሰዓት ነው፣ 19:00 ካለ የኛ ማታ 1 ሰዓት ማለት ነው። ከመነሻው 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ወደቡ ላይ ሁኑ፣ ትኬቱንም ሲሄዱ ደርሶ መልስ ቁረጡ።