የመርከብ ካዚኖ መጠጥ እውነት ነፃ ነው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለችው እህቴ ከማያሚ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ልትወስደኝ ነው። የሰፈር ልጆች "ካዚኖው ውስጥ ቁጭ ካልክ መጠጥ በነፃ ነው" ይሉኛል። እውነት ነው? ቲፕስስ ስንት ይሰጣል? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጆቹ ለሚጫወት ሰው መጠጥ በነፃ ከሚቀርብባት የቁማር ከተማ ከላስ ቬጋስ ጋር አምታተውብሃል። መርከብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ነጥብ መሰብሰብ አለብህ። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን በሚባለው ድርጅት መርከቦች ላይ በቁማር ማሽን 5 ዶላር ባስያዝክ ቁጥር 1 ነጥብ ይቆጠርልሃል፣ ነፃው መጠጥ ደግሞ የሚጀምረው 2,500 ነጥብ ላይ ነው። አስላው እስቲ! 12,500 ዶላር በማሽኑ ማለፍ አለበት፤ ያው እየበላህም እየተበላህም ደጋግሞ የሚዞረው ተደምሮ ማለቴ ነው። በዚህ ሂሳብ አንዷ ቢራ የበግ ዋጋ አወጣች። መርከቡ የሚሰጥህን ካርድ ማሽኑ ላይ ካልሰካህ ደግሞ ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

ቲፕሱ ቀላል ነው። ሮያል ካሪቢያን ላይ ከፍለህ ከጠጣህ 18 በመቶ ራሱ ሂሳቡ ላይ ተደምሮ ይመጣል። ደረሰኙ ላይ ሌላ ባዶ መስመር ታያለህ፣ እሷ ለተጨማሪ ናት፤ ብታልፋት ማንም አይቀየምህም። በነፃ ሲመጣልህ ግን አንድ ሁለት ዶላር ጣል አድርግ፣ ኮምቦልቻ ቡና ጠጥተህ መልሱን ትተህ እንደምትነሳው። አስተናጋጇ ሁለተኛ ዙር ላይ አትረሳህም።