ስለ ዩዘርና ፕሮዳክት ቴብል ለጠየቅከው
ሰላም ወንድሜ። «ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን የምርት ቴብል ልፍጠር ወይስ የምርቶቹን አይዲ በኮማ እየለየሁ ዩዘርስ ቴብል ላይ ልደርድር?» ላልከው፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ቴብሉ በተጠቃሚ ቁጥር ልክ ከበዛ አንድ ኮለም ለመጨመር ሁሉንም መንካት ሊኖርብህ ነው። በኮማ የተደረደረውን ደግሞ ዳታቤዙ እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው፤ በላይክ (ጽሑፍ ውስጥ በሚፈልገው ትእዛዝ) 12ን ስትፈልግ 112ም 120ም ይመጣብሃል። የተሰረዘ ምርት አይዲ እዚያው ተረስቶ ይቀራል፣ ፎሪን ኪም (አይዲው በሌላው ቴብል ላይ በእርግጥ መኖሩን ዳታቤዙ የሚያረጋግጥበት ማሰሪያ) ልታስርበት አትችልም።

መጀመሪያ ይህን ለይ፦ አንድ ምርት የስንት ሰው ሊሆን ይችላል? ሻጩ ራሱ የሚለጥፈው ዕቃ ከሆነ ባለቤቱ አንድ ነው። ፕሮዳክትስ ቴብል ላይ የዩዘር አይዲ ኮለም ጨምር፣ ናል (ባዶ) እንዳይቀበል አድርገው፣ ከዩዘርስ ጋር በፎሪን ኪ እሰረው። በቃ፣ ሌላ ቴብል አያስፈልግህም።

ያንኑ ምርት ብዙ ሰው የሚይዘው ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ «የወደድኳቸው» ዝርዝር ውስጥ፣ ሦስተኛ ቴብል የግድ ነው። ዩዘር አይዲና ፕሮዳክት አይዲ ይኖሩታል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ፕራይመሪ ኪ (የማይደገም የረድፍ መለያ) አድርጋቸው። ያኔ አንድ ሰው ያንኑ ምርት ሁለት ጊዜ ማስገባት አይችልም። ብዛት፣ የተጨመረበት ቀን፣ እንዲህ ያለው ሁሉ የሚገባው እዚህ ነው። ጥምር ኪው ከዩዘር አይዲ ተነስተህ ስትፈልግ ይፈጥንልሃል፤ «ይህን ምርት እነማን ወደዱት?» ለሚለው ግን በፕሮዳክት አይዲ የሚጀምር ሌላ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) ጨምር።

ኢንዴክስ ነገር ካነሳን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና አደራ። ከዳታቤዝ ሶፍትዌሮቹ የማይኤስኪውኤሉ ኢኖዲቢ (ዳታውን የሚያስቀምጠው ሞተር) ፎሪን ኪ ስታስር ኢንዴክሱን ራሱ ይፈጥራል፤ ፖስትግሬስ አይፈጥርም። ራስህ ካልጨመርክ የአንድ ተጠቃሚን ምርቶች ለማውጣት ሙሉውን ቴብል ያስሳል፤ ተጠቃሚ ስትሰርዝም እንደዚያው። ኤስኪውላይት ደግሞ ፎሪን ኪውን ብትጽፍለትም በዲፎልት አያስከብረውም፤ በየኮኔክሽኑ ማብራት አለብህ።

ኦን ዲሊት ካስኬድን (ዋናው ሲሰረዝ ከእሱ ጋር የታሰረውን ሁሉ የሚሰርዘውን ደንብ) የሽያጭ ታሪክ ባለበት አትጠቀም፤ አንድ ተጠቃሚ ሲሰረዝ ትዕዛዞቹም አብረው ይጠፋሉ። ሪስትሪክት (የታሰረ ነገር ካለ መሰረዝን የሚከለክለውን) አድርገህ፣ ሰውየውን በአንድ የሁኔታ ኮለም «የተዘጋ» ማለት ይሻላል።

ዋጋን በፍሎት (አስርዮሽን በግምት በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) አታስቀምጥ፣ ሳንቲም ይዛነፍብሃል፤ ዴሲማል (በትክክል የሚይዘውን) አድርገው፣ ለምሳሌ 10 አሃዝ ከነዚያም 2ቱ ከነጥብ በኋላ። የትዕዛዝ ዝርዝር ቴብል ካለህም የሽያጩን ዋጋ እዚያው ቅዳው። ይህ አላስፈላጊ ድግግሞሽ አይደለም፤ ከፕሮዳክትስ በጆይን (ሁለቱን ቴብሎች አገናኝተህ) ካመጣኸው ሻጩ ዋጋ በቀየረ ቁጥር የድሮ ደረሰኞች ድምር አብሮ ይቀየራል።