ዓላማው ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲቀር

ጥያቄ፦ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ 62 ተማሪዎች አሉኝ። የዕለቱን ዓላማ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱም ይገለብጣሉ። ሲወጡ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ግን «ሒሳብ» ይሉኛል። የፈተና ወረቀት ስመልስም ማርካቸውን ካዩ በኋላ አጥፈው ያስቀምጡታል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ከዕለት ዕቅድዎ የተቀዳ ይመስለናል፦ «ተማሪዎች ታሕታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ይደምራሉ»። ይህ የተጻፈው ለመምህርና ለሱፐርቫይዘር ነው። የ11 ዓመት ልጅ ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ከዚህ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ሥራውን ራሱን ያሳዩ። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የማን እንደሆኑ አይናገሩ።

1/2 + 1/3 = 2/5
1/2 + 1/3 = 3/6 + 2/6 = 5/6

«የቱ ልክ ነው? በምን አወቃችሁ?» ብለው ጥንድ ጥንድ ሆነው ለ3 ደቂቃ ይነጋገሩበት። ግማሽ ላይ ጨምረን ከግማሽ ያነሰ መልስ እንዴት እናገኛለን? ይህን የሚያነሳ ልጅ ካልተገኘ ወረቀት አጥፈው ያሳዩዋቸው። ከዚያ መመዘኛውን እነሱ ይናገሩ፣ እርስዎ ይጻፉ፦ ሀ) ታሕቶቹን አንድ ዓይነት አደርጋለሁ፤ ለ) ላዕሎቹን ብቻ እደምራለሁ፤ ሐ) መልሱ ያስኬድ እንደሆነ በግምት አያለሁ። ከሦስት አይብለጥ፤ ከበዛ ማንም አያስታውሰውም።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግርዎትም፤ ያልገባውም ከጓደኞቹ ጋር «አዎ!» ይላል። በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች በግማሽ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይስጡ፣ ለምሳሌ 1/4 + 2/3። ማረም የለብዎትም፤ ሦስት ቦታ ይክፈሉት፦ 11/12 ያሉ፣ 3/7 ያሉ፣ ሌላ የጻፉ። 3/7 ያሉት ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ደምረዋል። ይህ ክምር ትልቅ ከሆነ የነገው ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለውጣቸውን ራሳቸው እንዲያዩ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ይበቃል። በግራ በኩል ክህሎቶቹን ይጻፉ፤ በቀኝ «ገና ነኝ»፣ «በእርዳታ»፣ «ብቻዬን» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያስምሩ። ተማሪው ደረጃውን ሲያሻሽል ቀኑንና ማስረጃው ያለበትን የደብተር ገጽ ቁጥር ይጽፋል። የገጽ ቁጥሩን በፍጹም አይተዉት፤ ያለ እሱ ልጆች ሁሉንም «ብቻዬን» ብለው ይሞሉታል፣ ሰንጠረዡም ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ 10 ደቂቃ ይመድቡ፤ ተማሪዎቹ ቀድሞ የተሳሳቱትን አንድ ጥያቄ አሮጌውን መልስ ሳያዩ ይሥሩት፤ ከዚያ ሁለቱን ያስተያዩ። ልጁ መሻሻሉን የሚያምነው እዚህ ላይ ነው።

ማርኩን በተመለከተ፣ ተመራማሪዋ ሩት በትለር በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነበር። አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተሻሻሉ፤ ማርክና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው ግን ያን ጥቅም አላገኙም። ቁጥሩ ካለ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ማርኩን ለተከታታይ ምዘናው መዝግበው ይያዙት፤ ወረቀቱ ላይ ግን የጎደለውን መመዘኛ ፊደል ብቻ ይጻፉ። ለ62 ልጅ አስተያየት መጻፍ አይቻልም፣ «ለ» ብሎ ማለፍ ግን ይቻላል። ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ሰጥተው ያሳርሟቸው፤ ማርኩን በማግስቱ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በመጀመሪያው ሴሚስተር 4ኛ ወጥታ ነበር፤ አሁን 9ኛ ሆነች። ሰንፋ ይሆን? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ደረጃ ሌሎች ልጆች ባመጡት ውጤትም ስለሚወሰን በእሱ ብቻ አይፍረዱ። አማካይዋ ከ81 ወደ 84 ከፍ ብሎም 9ኛ ልትወጣ ትችላለች። መጀመሪያ በካርዱ ላይ የየትምህርቱን ውጤት ያስተያዩ፤ የቀነሰበት ካለ የዚያን ትምህርት ደብተር አውጥታ ከሁለት ወር በፊት የከበዳትን አንድ ጥያቄ አሁን እየሠራች ታስረዳዎት። ማስረዳት ካቃታት የትኛው መስመር ላይ እንደቆመች ምልክት አድርገው ለመምህሯ ያሳዩ።