የጤና ቡድናችን መቼ ተወለደ?

ጥያቄ፦ አብረን የተማርን ልጆች የመሠረትነው የጤና ቡድን አለን። አሁን ብዙዎቻችን ልጅ ድረናል፤ እሁድ ጠዋት ግን ዛሬም ከሜዳ አንቀርም። የቡድኑን ታሪክ በትንሽ መጽሔት ልናሳትም ተነሥተን ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ተጨቃጨቅን። ግማሾቻችን የክፍል ቡድን ሆነን የጀመርንበትን 1974 ዓ.ም. እንያዝ እንላለን። ሌሎቹ ማኅተም ካገኘንበት ከ1989 በፊት ቡድን አልነበረም ባዮች ናቸው። በእጃችን ያለው ጥቂት ፎቶግራፍና አንድ የመዋጮ መዝገብ ነው። እንዴት እናድርግ?
ከጅማ፣ መንደራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝና ደብዳቤዎን ሳነብ ሜዳውም የክረምቱ ጭቃም ታየኝ። ጠቡ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አይክፋዎት።

በእኔ አስተያየት ግን ከሁለቱ ዓመታት አንዱም ልደታችሁ አይደለም። የክፍል ቡድን በየትምህርት ቤቱ ነበረ፤ ክፍሉ ሲበተን አብሮ ይበተናል። ማኅተሙም የመጣው ቡድኑ ቀድሞ ስለነበረ ነው። የእናንተ ታሪክ የሚጀምረው ከማትሪክ በኋላ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ አንዱ ሊሙ ቡና እርሻ ሥራ ሲይዝ፣ አንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ፣ ከተማ ከቀሩት መካከል «እሁድ እንገናኝ» ያለው ማን ነው? ኳሱስ የማን ነበር? ማንም ሳያስገድዳችሁ የተጫወታችሁበትን ያንን የመጀመሪያ ቀን ፈልጉ።

ያለ ማኅተም ቡድን የለም የሚሉትን ጓደኞችዎን ቅዱስ ጊዮርጊስን ያስታውሷቸው። የአራዳ ወጣቶች በ1928 ሲመሠርቱት በአገሪቱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ክለቡ ግን ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያው ዓመት ነው። ለዚህ ክለብ ተጫውተው ኋላ ከ1964 እስከ 1979 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም የእኛው የጅማ ተወላጅ ናቸው።

ዓመቱን ለማግኘት ሰዉን «መቼ ነበር?» ብላችሁ አታስጨንቁት። «ሴካፋን ከመውሰዳችን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉት። ታኅሣሥ 1980 ላይ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫ ስታነሣ የት ሆኖ እንደሰማ በእናንተ ዕድሜ ያለ ኳስ ወዳድ አይረሳም። ግንቦት 1983ም እንዲሁ ነው። ደግሞ ለየብቻ ጠይቋቸው፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ ድምፁ የጎላው የተናገረው የሁሉም ትዝታ ሆኖ ይቀራል። ውጭ አገር ያሉት በዋትስአፕ በድምፅ ይላኩላችሁ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ቢናገር ሁለቱንም ጻፉት።

ፎቶዎቹን ገልብጣችሁ ጀርባቸውን እዩ። «84» የሚል ካገኛችሁ አትቸኩሉ፤ በፈረንጅ ከሆነ የእኛ 1976 ወይም 1977 ነው፣ በእኛ ከሆነ ደግሞ ደርግ ወድቋል ማለት ነው። ማሊያውና አጠገብ የቆመው ሰው ይለይላችኋል።

ከሁሉ በላይ የምጓጓው ለመዋጮ መዝገቡ ነው። ማን እንደከፈለ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ለምን እንደወጣም ይናገራላ! ኳስ ለሰፋው ሊስትሮ የተከፈለች ጥቂት ብር ተጽፋ ከሆነ፣ ገጿን ከነእጅ ጽሑፉና ከነቆሻሻው ፎቶ አንሥታችሁ አትሟት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከፋዮች ሳስተው ከታዩ የቡና ለቀማ ወቅት መሆኑን አትርሱ፤ ያኔ ማን ወዴት ይሄድ እንደነበር ጠይቁ። ለሐዘን፣ ለሠርግ፣ ለታመመ ጓደኛ የወጣውንም እንዲሁ ፈልጉ፤ ይህን ያህል ዘመን ያቆያችሁ ኳሱ ብቻ አይመስለኝም።

ማሊያ ያጠቡላችሁ እናቶች በሕይወት ካሉ ደግሞ ቀድማችሁ እነሱ ዘንድ ሂዱ። የትኛው ልጅ በተወለደ ዓመት ቤታቸው በጭቃ ጫማ እንደተሞላ ያውቁታል፤ ይህን የሚነግራችሁ ወረቀት የለም።

1989ን ለሚሉት ወገኖችም አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ። ማመልከቻ ይዘው ቢሮ ለቢሮ የተመላለሱት ሰዎች ስማቸው በሙሉ ይጻፍ፤ ያረፉትም ጭምር።